የዶሮ ላባና የተባዮቿ ታሪክ፦ ከአመድ እስከ ፊፕሮኒል

መግቢያ

ጀርባዋ የተራቆተ፣ አንገቷ የተገለጠ፣ የጭራዋ ላባ የተሰባበረ ዶሮ በየመንደሩ ጓሮ የምትታይ ናት። ባለቤቷ አብዛኛውን ጊዜ «ቅማል ጨረሳት» ብላ ትፈርዳለች፤ ከባለሙያ የምትጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የሚነሰነስ ወይም የሚረጭ መድኃኒት።

የእንስሳት ሕክምናና የእርባታ ባለሙያ ግን ነገሩን በዚህ አጭር ፍርድ ሊቋጨው አይችልም። ዶሮ በተፈጥሮዋ ጊዜዋን ጠብቃ ላባዋን ትለውጣለች። አውራው በጥፍሩ የጀርባዋን ላባ ይሰብራል። ባልንጀሮቿም በመንቁራቸው ይነቅሏታል። ከዚህም ሌላ በዓይን በጭንቅ የሚታዩ ጥቃቅን ተባዮች በላባው ሥር፣ በቆዳው ውስጥ ወይም በቤቱ ስንጥቅ ተሸሽገው ደሟን ይመጧታል። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱን ከሌላው ለመለየት የሰው ልጅ ከ2000 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

በዚህ ረዥም ታሪክ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይነሣሉ። የመጀመሪያው «ተባዩ ቀን የት ይውላል? ሌሊትስ የት ያድራል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ተባዩን ለመግደል የተረጨው መርዝ መጨረሻው ወዴት ነው?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ በተመራማሪዎች ድካም ቀስ በቀስ መልስ አግኝቷል። ሁለተኛው ግን በሳይንስ በበለጸጉት አገሮች እንኳ ችላ እየተባለ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. ብዙ ሚሊዮን እንቁላል እንዲወገድ ምክንያት ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ማስታወስ ይገባል።

የጥንት ሰዎች ያዩትና ያልታያቸው

የዶሮ ዘር መነሻው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባበትም ዘመን ቅርብ አይደለም። በትግራይ መዝብር ከተባለው ጥንታዊ የመንደር ፍርስራሽ የተገኙና ጥናታቸው በ2016 ዓ.ም. የታተመ የዶሮ አጥንቶች፣ ዶሮ በዚያ አካባቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ሺህ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ገደማ ትረባ እንደነበር ያመለክታሉ። ዶሮ ወደ ሰው ቤት ስትገባ ተባዮቿን ይዛ እንደ ገባች አያጠራጥርም፤ የዶሮ ቅማል ያለ ዶሮ መኖር የማይችል ፍጡር ነውና።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ እንስሳት ታሪክ በጻፈው መጽሐፍ አእዋፍ ቅማል እንዳላቸው መዝግቧል። ፋዛን የተባለችው ወፍም በአፈር ካልታጠበች ቅማል እንደሚገድላት ገልጿል። እዚህ ላይ አርስቶትል የተግባሩን ጥቅም በትክክል አስተውሏል። የቅማሉን መነሻ ሲያስረዳ ግን ቅማል ከእንስሳው ሥጋ ራሱ የሚፈጠር መስሎት ነበር። ይህ ስሕተት ከ1900 ዓመት በላይ ሳይታረም ኖሯል።

በ1ኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. በሮማ ግዛት የኖረውና በትውልዱ የዛሬዪቱ ስፔን ሰው የሆነው ኮሉሜላ ስለ ግብርና በ12 ክፍል ከጻፈው ሥራ ውስጥ 8ኛውን ክፍል ለዶሮና ለሌሎች የቤት አእዋፍ ሰጥቶታል። በዚህም ክፍል ደረቅ ትቢያና አመድ ጣራ ባለበት ሥፍራ በግድግዳ ጥግ እንዲቀመጥላቸው ያዛል፤ ዶሮዎች ላባቸውንና ክንፋቸውን የሚያሳምሩት በዚህ ነው ይላል። ከዚህም ሌላ የዶሮ ቤት ከምድጃ ወይም ከወጥ ቤት አጠገብ እንዲሠራ ይመክራል፤ ምክንያቱም ጢሱ ለዶሮዎች ጤና ይበጃል ብሎ ያምን ነበር። ይህን ምክር የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በብዙ የገጠር ቤቶች ቆጡ ከምድጃው በማይርቅ ሥፍራ ይሠራል፤ ዶሮዋም ቀን አመድ ከሚደፋበት ቦታ ስትንከባለል ትውላለች።

ስለዚህ የጥንት ሰዎች መድኃኒቱን ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል፤ ያላወቁት የበሽታውን ምክንያት ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ምክንያቱ ያልታወቀ መድኃኒት አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ አንዳንድ ጊዜም ሳይሠራ ይቀራል፤ ሳይሠራ በቀረ ጊዜ ግን ለምን እንዳልሠራ የሚያስረዳ ሰው አይገኝም።

የቅማል መታወቅ

በፍሎረንስ የሜዲቺ መሳፍንት ሐኪም የነበረው ፍራንቼስኮ ሬዲ በ1668 ዓ.ም. ስለ ነፍሳት መራባት ያደረገውን ምርመራ አሳተመ። ሬዲ በይበልጥ የሚታወቀው ሥጋን በስስ ጨርቅ ሸፍኖ ዝንብ ካልደረሰበት ትል እንደማይወጣው በማሳየቱ ነው። በዚሁ መጽሐፍ ግን በልዩ ልዩ አእዋፍ ላይ የሚገኙትን ቅማሎች ሥዕል አውጥቷል። በማጉያ መነጽር ታይተው የተሣሉት እነዚህ ሥዕሎች፣ ቅማል ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነና የአንዱ ወፍ ቅማል ከሌላው ወፍ ቅማል በመልክ እንደሚለይ ለዓለም አሳዩ።

በ1758 ዓ.ም. ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በዶሮ ላባ ዘንግ ላይ የሚገኘውን ቅማል ሳይንሳዊ ስም ሰጠው፤ ይህ ቅማል ዛሬ ሜኖፖን ጋሊኔ ይባላል። በ1818 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ክርስቲያን ሉድቪግ ኒች የዶሮን የገላ ቅማል ለይቶ ገለጸ። ዛሬ ሜናካንተስ ስትራሚኒየስ የሚባለው ይህ ቅማል በዶሮ ላይ ከሚገኙት ቅማሎች ሁሉ የከፋው ነው። በክንፍ ላባ ላይ የሚጣበቅ፣ በራስና በአንገት ላይ የሚኖር፣ እንዲሁም ለስላሳውን ላባ የሚመገብ ሌላ ሌላ ዓይነት ቅማልም አለ። እያንዳንዱ በዶሮዋ ገላ ላይ የተመደበ ርስት ያለው ይመስላል።

የዶሮ ቅማል እንደ ሰው ቅማል የሚመጥ አፍ የለውም፤ የሚያኝክ አፍ ነው ያለው። በዚህም ምክንያት ለረዥም ጊዜ ላባና የቆዳ ቅርፊት ብቻ የሚበላ፣ ብዙም የማይጎዳ ፍጡር ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ1930ዎቹ ዓመታት የተደረገ ምርመራ ግን የገላ ቅማል በማደግ ላይ ያለውን ለጋ ላባ እየቀደደ ደም እንደሚጠጣ አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ የገላ ቅማል የበዛባት ዶሮ ለምን እንደምትከሳና ለምን እንቁላል እንደምትቀንስ መረዳት ተቻለ።

ለተግባር ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቅማል የሕይወት ዑደት መታወቁ ነው። ቅማል እንቁላሉን ከላባው ሥር፣ በተለይም በፊንጢጣ ዙሪያ፣ እንደ ነጭ ዘለላ አጣብቆ ይጥላል። ከእንቁላል እስከ ጎልማሳነት ያለው ዕድገት 3 ሳምንት ያህል ይወስዳል። ቅማሉ ዕድሜውን ሁሉ በዶሮዋ ላይ ያሳልፋል፤ ከእርሷ ከተለየ ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም። ስለዚህ ቅማልን የሚያጠፋ ሰው ሥራው ከዶሮዋ ጋር ነው እንጂ ከቤቷ ጋር አይደለም። ደግሞም አብዛኛው መድኃኒት ቅጫሙን ስለማይገድል አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ ሕክምና ከንቱ ይሆናል፤ የተፈለፈለው ትውልድ እንቁላል ሳይጥል በፊት ሕክምናው መደገም አለበት።

የሌሊት ጠላቶች

ቅማልን ያወቀ ሰው ሌሎቹን ተባዮች ሁሉ በቅማል ሚዛን ቢመዝን አይፈረድበትም። ሆኖም ይህ አስተሳሰብ ብዙ ዶሮ አስጨርሷል። ቀን ዶሮዋን አገላብጦ ያየ ሰው አንድም ተባይ ሳያገኝባት ዶሮዋ ግን እየነጣች፣ እየደከመችና ቆጥ ላይ ለመውጣት እየፈራች የምትሄድበት ጊዜ አለ።

የዚህ ምክንያት ማይት የተባለችው፣ ከመዥገርና ከሸረሪት ወገን የሆነችና 8 እግር ያላት ጥቃቅን ተባይ ናት። ስዊድናዊው ሻርል ደ ጌር በ1778 ዓ.ም. የገለጻት የዶሮ ቀይ ማይት፣ ዛሬ ደርማኒሰስ ጋሊኔ የምትባለው፣ ቀን በቆጡ ስንጥቅ፣ በጎጆው ሣርና በግድግዳው ቀዳዳ ተደብቃ ትውላለች። ሲመሽ ወጥታ ደም ትጠጣና ሳይነጋ ወደ መሸሸጊያዋ ትመለሳለች። ሳትበላ ግራጫ ስትሆን ደም ከጠጣች በኋላ ግን ትቀላለች፤ ስሟም የመጣው ከዚህ ነው። ሙቀቱ ሲመቻት ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናት አንድ ትውልድ ትጨርሳለች። በቀዝቃዛ ሥፍራ ደግሞ ያለ ምግብ ብዙ ወራት ትቆያለች። ስለዚህ ዶሮዎቹን ለጥቂት ሳምንት ከቤት ማውጣት ብቻ አያጠፋትም።

በ1877 ዓ.ም. ሁለት የኢጣልያ ሊቃውንት የገለጿት ሌላይቱ ማይት፣ ኦርኒቶኒሰስ ሲልቪያሩም የምትባለው፣ ጠባይዋ ከዚህ የተለየ ነው። እርሷ ዕድሜዋን በሙሉ በዶሮዋ ላይ ትኖራለች፤ የፊንጢጣውን አካባቢ ላባም በዕዳሪዋና በደም ቅሪት ታጠቁረዋለች። ሁለቱን ማይቶች በዓይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው። አኗኗራቸውን ግን ማንም ሰው ሊለይ ይችላል፤ አንደኛይቱ በቀን ብርሃን የምትገኘው በዶሮዋ ላይ ሲሆን ሌላይቱ የምትገኘው በእንጨቱ ውስጥ ነው።

ከማይት ይልቅ የሚከፋው የሌሊት ጠላት የዶሮ መዥገር ነው። አርጋስ ፐርሲከስ የሚል ስሙ ከፋርስ ምድር የመጣ ነው። ጎልማሳው መዥገር ቀን ተሸሽጎ ይውልና ሌሊት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጠግቦ ይመለሳል። እጩ ግን ለቀናት ከዶሮዋ ቆዳ ሳይላቀቅ ይቆያል። ደረቅና ሞቃት አገር ለመዥገሩ እጅግ የተመቸ ሲሆን፣ ጎልማሳው ያለ ምግብ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ይህ መዥገር በሕክምና ታሪክ ውስጥ ልዩ ሥፍራ አለው። በ1891 ዓ.ም. ሳካሮቭ የተባለው ሐኪም በካውካሰስ አገር በዝይዎች ደም ውስጥ እንደ ጠመዝማዛ ክር ያለ ረቂቅ ተሕዋስ አገኘ። በ1903 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ቢጫ ወባ ለመመርመር ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተላከው የፓስተር ተቋም ቡድን አባላት መካከል ማርሹና ሳሊምቤኒ በዚያው አገር ዶሮዎችን የሚፈጀው ተመሳሳይ በሽታ በአርጋስ መዥገር አማካይነት እንደሚተላለፍ አሳዩ። በዚህ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። መዥገሩ ደም ሌባ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በሽታ ተሸካሚ መሆኑ ታወቀ። ብዙ ዶሮ በአንድ ጊዜ ሲሞት «ፈንግል ነው» ብሎ ከመደምደም አስቀድሞ የቆጡን እንጨት መሰንጠቅና መመርመር የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

በቆዳ ውስጥ የሚቆፍሩና ከቆዳ ጋር የሚጣበቁ

በ1859 ዓ.ም. ሮበንና ላንክታን የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት በዶሮ እግር ቅርፊት ሥር እየቆፈረች የምትኖረውን ማይት ገለጹ። እግሩ ይወፍራል፤ ቅርፊቱ ይነሣል፤ ኖራ የተቀባ ይመስላል፤ እየባሰ ሲሄድም ዶሮዋን ያነክሳታል። በ1887 ዓ.ም. ሌላው ፈረንሳዊ ራዬ የዚህችን ማይት ዘመድ ገለጸ፤ ይህችኛዋ መኖሪያዋ የላባው ሥር ነው። ዶሮዋ ከማሳከኩ ብዛት ላባዋን በገዛ መንቁሯ ትነቅላለች፤ ራስዋ፣ አንገቷና ጀርባዋ ይራቆታል። እንግዲህ ቅማል ሳይኖርባት፣ አውራም ሳይነካት፣ ባልንጀሮቿም ሳይነቅሏት የምትራቆት ዶሮ መኖሯ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ለምርመራውም የተነቀለውን ላባ ሥር በማጉያ መነጽር ማየት ያስፈልጋል።

በ1875 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ዌስትውድ ከሲሎን፣ ከዛሬዪቱ ስሪላንካ፣ የመጣለትን ተጣባቂ ቁንጫ ገለጸ። ኤኪድኖፋጋ ጋሊናሲያ የተባለው ይህ ቁንጫ እንደ ሌላው ቁንጫ እየዘለለ አይሄድም። እንስቷ ላባ በሌለበት በዓይንና በፊት ዙሪያ አፏን ተክላ ለቀናት ሳትላቀቅ ትቆያለች፤ እንቁላሏን ግን ወደ መሬት ትጥላለች። ጫጩት በዚህ ቁንጫ ደም አጥታ ልትሞት፣ ወይም ዓይኗ ተዘግቶ ልትታወር ትችላለች። ቁንጫው በኢትዮጵያ በሚገባ የታወቀ ሲሆን ውሻንና ድመትንም ስለሚይዝ ዶሮን ብቻ ማከም አይበቃም። የወለሉ አቧራ ካልተጠረገና ካልተቃጠለ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

ተባይ የሌለበት መራቆት

የ20ኛው መቶ ዓመት ጥናት ደግሞ ፊቱን ወደ ዶሮዎች ጠባይ መለሰ። ኖርዌያዊው ሼልደሩፕ ኤበ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ መንጋ ውስጥ ያሉ ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነቁር የተወሰነ የማዕረግ ሥርዓት እንዳላቸው አስረዳ። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህ የማዕረግ ጠብና ላባ መንቀል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ተገነዘቡ። ጠቡ በአብዛኛው በራስ ላይ ያነጣጥራል። ላባ መንቀል ግን የሚጫረው አፈር፣ የሚለቀመው ጥራጥሬ ያጣች ዶሮ ያንን የመጫርና የመልቀም ፍላጎቷን በባልንጀራዋ ጀርባና ጭራ ላይ የምትወጣበት መንገድ ነው።

ትልልቅ የዶሮ እርባታዎች ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ የመንቁርን ጫፍ መቁረጥ ነበር፤ ይህም ከ1930ዎቹ ጀምሮ እየተስፋፋ ሄደ። ነገር ግን አንዱን ችግር የሚያስታግሰው መቆረጥ ሌላውን ችግር ያባብሳል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሪቨርሳይድ ተመራማሪዎች በ2010 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት መንቁራቸው የተቆረጠ ዶሮዎች መንቁራቸው ካልተነካው ይልቅ ብዙ ማይትና ቅማል እንደሚሸከሙ አሳይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዶሮ ተባይዋን የምትለቅምበት መሣሪያ መንቁሯ ነው። ከዚህም የተነሣ አንዲት የጓሮ ዶሮ ቅማል ቢበዛባት ባለሙያው መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው መንቁሯን ነው፤ የተጣመመ ወይም የተሰበረ ሊሆን ይችላልና።

በእነዚህ ጥናቶች ምክንያት ራቁትነት ራሱ እንደ ጽሑፍ የሚነበብ ሆኗል። የወንዱ ጥፍር የሚጎዳው ጀርባንና የራስን ኋላ ነው። ላባ መንቀል ከጭራው ሥር ይጀምርና የተሰበረ ዘንግ ይተዋል። የተፈጥሮ ላባ መለወጥ ከራስና ከአንገት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ በወደቀውም ላባ ምትክ እንደ እሾህ ያለ አዲስ ላባ ብቅ ይላል። ቅማልና የላባ ማይት ደግሞ ምልክታቸው በፊንጢጣ ዙሪያ ይገኛል። እነዚህን የሚለይ ዓይን ያለው ባለሙያ ከመርዝ ጠርሙስ በፊት ሌላ የሚሠራው ብዙ ነገር አለው።

የመርዝ ዘመን

በ1917 ዓ.ም. የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ቢሾፕና ውድ የጻፉትን የዶሮ ማይትና ቅማል መመሪያ ለገበሬዎች አሳተመ። መመሪያው ሶዲየም ፍሎራይድ የተባለውን ዱቄት በራስ፣ በአንገት፣ በጀርባ፣ በደረት፣ በክንፍና በፊንጢጣ ሥር ቁንጥር ቁንጥር እያደረጉ መነስነስን ያስተምር ነበር። ለቀይ ማይት ግን ዶሮዋን ትቶ ቆጡን በዘይት ነክ መድኃኒት መቀባትን አዘዘ። በዚህ መመሪያ ውስጥ «ተባዩ የት ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ በሚገባ ተመልሷል።

ቀጥሎ የመጣው የትምባሆ መርዝ ኒኮቲን ሰልፌት ነበር። ሊመሽ ሲል ቆጡ ላይ ይቀባል፤ ከዶሮዎቹ ገላ ሙቀት የተነሣ እየተነነ ወደ ላባው ይገባል፤ ቅማሉን ይገድላል። ዘዴው ድካም የማያበዛ ስለ ነበር ተወደደ፤ ዳሩ ግን ኒኮቲን በሰው ቆዳ ገብቶ የሚመርዝ ነገር ነው።

በ1939 ዓ.ም. ስዊሳዊው ፓውል ሙለር የዲዲቲን ተባይ ገዳይነት አገኘ፤ በ1948 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። ዲዲቲ፣ ሊንዴን፣ ማላታዮን፣ ካርባሪል እየተከታተሉ ወደ ዶሮ ቤት ገቡ። ለአንድ ትውልድ ያህል የተባይ ነገር ያበቃ መሰለ። በኋላ ግን ዲዲቲና ሊንዴን በስብ ውስጥ ተከማችተው እንደሚቆዩ፣ ከዶሮዋም ገላ ወደ እንቁላሉ እንደሚያልፉ ታወቀ። ሬቸል ካርሰን በ1962 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ የሕዝብን ዓይን ከፈተች፤ አሜሪካም በ1972 ዓ.ም. ዲዲቲን ለእርሻ መጠቀምን ከለከለች። በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ በ1973 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ፐርሜትሪን ለሰው የተሻለ መስሎ ቢተካውም፣ ቀይ ማይት ቀስ በቀስ ተላመደችው።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የአውሮፓ ኅብረት ጠባቡን የዶሮ ኬጅ አገደ። ውሳኔው ለዶሮዎቹ ደኅንነት የታሰበ ነበር። ሆኖም ቆጥና ጎጆ ያለው አዲሱ ቤት ስንጥቁ ብዙ ስለሆነ ለቀይ ማይት ተስማማት። የተለመዱት መድኃኒቶች አልሠራ አሉ፤ ገበሬዎች ተቸገሩ። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌና ነሐሴ የሆነው ነገር ከዚህ ችግር የተወለደ ነው። የዶሮ ቤት የሚያጸዱ ሰዎች ከእጽዋት የተሠራ ነው እያሉ የሚረጩት መድኃኒት ፊፕሮኒል የተቀላቀለበት ሆኖ ተገኘ። ፊፕሮኒል ለውሻና ለድመት ቁንጫ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ለምግብ በሚውሉ እንስሳት ላይ ግን በኅብረቱ ሕግ የተከለከለ ነው። በኔዘርላንድ ብቻ 180 ያህል እርባታዎች ታገዱ፤ እንቁላሉ ወደ ብዙ አገር ተሠራጭቶ ስለነበር በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ከገበያ ተሰበሰበ፤ ብዙ ዶሮም ታረደ።

በዚያው ዓመት ፍሉራላነር የተባለ በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ መድኃኒት በአውሮፓ ተፈቀደ። በ7 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ በታዘዘው መጠን ከተሰጠ እንቁላሉን ለመብላት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ለሥጋው ግን 14 ቀን ይጠበቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዱ መርዝ ሌላው መድኃኒት መሆኑ አይደለም። አንዱ ወደ እንቁላሉ ምን ያህል እንደሚያልፍ ተመርምሮ፣ መጠኑና የመጠበቂያ ቀኑ ተወስኖ የተሰጠ ነው፤ ሌላው ግን ማንም ሳይጠይቅ የተረጨ ነው።

ወደ አመድ መመለስ

የሚያስደንቀው ነገር፣ የቅርብ ዘመን ምርምር ወደ ጥንቱ ምክር መመለሱ ነው። የሪቨርሳይድ ተመራማሪዎች በ2012 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ለዶሮዎች መታጠቢያ ሣጥን አዘጋጅተው ከአሸዋ ጋር ዲያቶማይት የተባለውን አፈር፣ ወይም ነጭ ሸክላ አፈር፣ ወይም ድኝ ቀላቀሉበት። በሣጥኑ በታጠቡት ዶሮዎች ላይ ማይቱና ቅማሉ እጅግ ቀነሰ። በድኝ ጊዜ ደግሞ በሣጥኑ ያልታጠቡት ባልንጀሮቻቸው ጭምር ከማይት ተገላገሉ። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2016 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ 20 የጓሮ መንጋዎችን መርምረው ከመቶ 80 በሚሆኑት ላይ የውጭ ተባይ እንዳገኙ ጽፈዋል። ይህም የጓሮ ዶሮ ተባይ የድኻ አገር ችግር ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

ይሁን እንጂ ማጋነን አይገባም። አፈር መታጠብ በገላ ላይ ለሚኖር ተባይ ነው የሚረዳው፤ በቆጡ ስንጥቅ ያለውን መዥገር አይነካውም። የደቀቀ አፈር በዝግ ቤት ውስጥ ለሰውም ለዶሮም ሳንባ አይበጅም።

ለኢትዮጵያ ባለሙያ የተረፈው ትምህርት

በ1950ዎቹ የጅማና የዓለማያ የግብርና ትምህርት ቤቶች የውጭ ዝርያ ዶሮዎችን ወደ አገር ውስጥ ካስገቡ ወዲህ የዶሮ እርባታ ብዙ ተለውጧል። ሆኖም የአገሪቱ ዶሮ አብዛኛው ዛሬም በገበሬው ጓሮ የሚጭር፣ በእናቶችና በልጆች እጅ የሚያድግ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በምሥራቅ ሸዋና በሌሎች አካባቢዎች የተደረጉ ጥናቶች ቅማል፣ ተጣባቂ ቁንጫና የእግር ማይት በእነዚህ ዶሮዎች ላይ በብዛት እንደሚገኙ አረጋግጠዋል።

የጓሮ ዶሮ ባለቤት ለሰብል ወይም ለእህል ማከማቻ የተዘጋጀ ፀረ ተባይ በእጇ ቢገኝ በዶሮዋ ላይ ለመርጨት ብትፈተን አያስደንቅም። ዶሮዋ የምታድረው ቤተ ሰቡ በሚተኛበት ቤት ሲሆን ደግሞ የተረጨው መርዝ ለእንቁላሉ ብቻ ሳይሆን ለሕፃኑም ይደርሳል። በአውሮፓ መርማሪ ላቦራቶሪ ስለ ነበር እንቁላሉ ተይዟል፤ በገበያ ቀን በሣር ተጠቅልሎ የሚሸጠውን እንቁላል ግን የሚመረምረው ማንም የለም። ስለዚህ ላቦራቶሪው በሌለበት ሥፍራ ሁሉ ያን ሥራ የሚሸፍነው የባለሙያው ምክር ብቻ ነው።

ምክሩም ከታሪኩ የሚወጣ ነው። ዶሮዋን በቀን ገልጦ ማየት፤ በሌሊትም መብራት ይዞ ቆጡን መመርመር። ራቁቱ ያለበትን ሥፍራ ማስተዋል። መንቁሯን ማየት። ተባዩ በገላ ላይ የሚኖር ከሆነ ዶሮዋን ማከምና ሕክምናውን መድገም፤ በቤት የሚኖር ከሆነ ቆጡን አውርዶ በፈላ ውኃ ማጠብ፣ ስንጥቁን በጭቃና በኖራ መድፈን፣ የቆየውን የጎጆ ሣር ማቃጠል። ለእግር ማይት ቅርፊቱን በሳሙና አለስልሶ ዘይት ወይም ቫዝሊን ደጋግሞ መቀባት። ከዝናብ የተጠለለ ደረቅ አመድ ዘወትር ማኖር። መድኃኒት የግድ ሲሆንም ለዶሮ የተፈቀደውን ብቻ በታዘዘው መጠን መስጠት፤ እንቁላሉ የሚበላበትን ቀን ሳይናገሩ መድኃኒቱን አለመስጠት።

አበው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላሉ። በቆጡ ላይ ያለውን ተባይ ለማውረድ ሲባል በእጅ ያለው እንቁላል እንዳይበከል መጠበቅ የባለሙያው ኃላፊነት ነው።